ኪሎ ነው ፓውንድ? መጠየቅ ሰለቸን

በየመን፣ በኤደን ከተማ ሼክ ዑስማን ሰፈር ለምንኖር ሐበሾች ሙቀቱ፣ የመብራቱ መጥፋትና የሪያሉ መውደቅ ሳያንሰን ሌላም ጣጣ አለብን። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን በየቀኑ ታደክማለች። ቁጥር ይነገረናል፣ ቁጥሩ የምን እንደሆነ ግን አይነገረንም። ኪሎ ይሁን ፓውንድ፣ ባር ይሁን ፒኤስአይ፣ ራሳችን መገመት አለብን። ደግመን ስንጠይቅ ደግሞ ነጋዴው ሌባ የተባለ ይመስለውና ይቆጣል።

ነገሩ ሥር አለው። እንግሊዝ ኤደንን እ.ኤ.አ. በ1839 ይዞ እስከ 1967 ቆይቷል። ሼክ ዑስማንንም ከላሕጅ ሱልጣን ገዝቶ ነው የጨመረው። እስከ 1937 ኤደን የምትተዳደረው በሕንድ በኩል ስለነበር መገበያያው ሩፒ ነበር፤ የአንድ ሩፒ ክብደትም ቶላ የሚባለው የሕንድ መመዘኛ አንዱ። የሐረር ቡናና ቆዳ በኤደን ወደብ ሲያልፍ የኛው ፈረሱላ ከእንግሊዙ ፓውንድና ቶን ጋር ሲሟገት ኖሯል። እንግሊዝ ከወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው፤ ገበያውም በኪሎ ነው የሚሠራው። ፓውንዱ ግን ዛሬም በዕቃ ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ከአሜሪካ በዞረ አሮጌ መኪና፣ በርካሽ የባትሪ ሚዛን፣ በጋራዥ መሣሪያ።

ጎሚስታ ቤት ግቡና እዩት። የንፋስ መለኪያው ፊት ላይ ሁለት ዙር ቁጥር አለ፤ አንዱ ባር፣ አንዱ ፒኤስአይ። መስታወቱን ፀሐይና የባሕር ጨው ስለሚያደበዝዘው አንዱ ዙር ብቻ ነው የሚነበበው። ለቤት መኪና 2.2 ባር ማለት 32 ፒኤስአይ መሆኑን ጎሚስታው በቃሉ ስለሚያውቀው ችግር የለም። ሞተር የሚያወርደው መካኒክ ግን መከራውን ያያል። የብሎን ማጥበቂያው በፉት ፓውንድ ነው፤ አዲሱ መመሪያ ኒውተን ሜትር ይላል፤ አሮጌው መጽሐፍ ኪሎግራም ሜትር። 100 ፉት ፓውንድ 136 ኒውተን ሜትር ግድም ነው። እንግዲህ 100 ፉት ፓውንድ የሚፈልገውን ብሎን 100 ኒውተን ሜትር ላይ ሲደርስ ያቆመ ሰው፣ ከሚገባው ከሩብ በላይ አጉድሎ ተወው ማለት ነው። መካኒኩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሦስት ዓይነት ቁጥር ሰጥተው የሚቀይርበትን ሒሳብ ማንም አላስተማረውም።

የመኪናው ይሁን፣ በገንዘብ ይካካሳል። የሕፃን ነገር ግን አይካካስም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኼኛው ነው። የልጅ ሽሮፕ የሚሰላው በልጁ ኪሎ ነው። ፓራሲታሞል ለአንድ ጊዜ በኪሎ 15 ሚሊግራም ያህል ይታዘዛል። የባትሪ ሚዛን ደግሞ ከሥሩ ትንሽ ቁልፍ አለችው፤ ሲያነሱት ጣት ከነካት ከኪሎ ወደ ፓውንድ ትዞራለች። አሥር ኪሎ የሆነች ሕፃን ስትመዘን ሚዛኑ 22 ያሳያል። ያ 22 ካርድ ላይ እንዲሁ ባዶውን ከተጻፈ፣ 150 ሚሊግራም የሚበቃት ልጅ 330 ይታዘዝላታል። ከእጥፍ በላይ! በአንድ ክሊኒክ አንዲት እህታችን ልጇን ታቅፋ፣ «ዶክተር፣ ባለፈው ወር ዘጠኝ ኪሎ ነበረች፤ ዛሬ 22 ከየት መጣ?» ብላ በተሰባበረ አረብኛ ስትከራከር አይቻለሁ። ሚዛኑ ሲገለበጥ ቁልፏ ዞራ ተገኘች። እሷ ያለፈውን ወር ኪሎ በቃሏ ይዛ ነበር። ያልያዘችውስ? አረብኛው ገና ያልገባትስ?

ወርቅም ያው ነው። ከቤት ሠራተኝነት ደመወዟ ቆጥባ አምባር የምትገዛ ልጅ በቴሌቪዥን የምትሰማው ዋጋ በአውንስ ነው። የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው፤ የምግቡ አውንስ 28.35። እናቶቻችን የሚያውቁት ወቄት ደግሞ የማርትሬዛን ብር ክብደት ይዞ 28 ግራም ግድም። አንዱን በአንዱ ለውጣ ያሰላች ልጅ ሦስት ግራም ያህል ትስታለች፤ ሦስት ግራም ወርቅ በስንት ላብ እንደሚገኝ ሠርታ የበላች ታውቀዋለች። በዚያ ላይ የአውንሱ ዋጋ የንጹሕ ወርቅ ሲሆን እዚህ በብዛት የሚሸጠው 21 ካራት ነው። አገር ቤት ያለው ቡና ነጋዴም ከዚህ አላመለጠም፤ የኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ይናገራል፣ እሱ በ17 ኪሎ ፈረሱላ ያስባል። ፓውንዱ 3 ዶላር ሲባል ፈረሱላው 112 ዶላር ግድም መሆኑን እስኪያሰላ ዋጋው ይቀየራል።

ይህ የድሃ ሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የካናዳ አውሮፕላን 22,300 ኪሎ ነዳጅ ሲገባው ያንኑ ያህል ፓውንድ ብቻ ይዞ ተነሣ፤ ሁለቱም ሞተሮቹ ሰማይ ላይ ጠፉ፤ አብራሪዎቹ አንሳፍፈው ባያሳርፉት ኖሮ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ባለቀ ነበር። ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር በ1999 የጠፋችው አንዱ ወገን ግፊቱን በፓውንድ አስልቶ ሲልክ ሌላው በኒውተን ነው ብሎ ስለተቀበለ ነው። አንድ ፓውንድ ግፊት 4.45 ኒውተን ነው። ኮምፒውተር የሞላቸው መሐንዲሶች የሳቱትን፣ ከባሕር ተሻግራ የመጣች እናት ክሊኒክ ወረፋ ላይ ቆማ ታርመው ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው።

ሚዛን ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ፣ ቁጥር ስትጽፉ ከጎኑ ኪሎ ብላችሁ ጻፉበት። የሚዛኑን ቁልፍ ኪሎ ላይ አድርጋችሁ በፕላስተር ሸፍኑት። እናቶችም የልጆቻችሁን ኪሎ በቃላችሁ ያዙ፤ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ከወትሮው ከበዛባችሁ ሽሮፑን ሳትሰጡ ተመልሳችሁ አስመዝኑ።