«ማነው?» አለ ጉበቱ

የሰፈራችን ሰው ስለ ጉበት የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ በዱለት ሲመጣ ይጣፍጣል፣ በሰው ሆድ ሲታመም ባለቤቱ ጠጪ ነው። ከዚህ ያለፈ እውቀት የፈለገ ሰው የጉበት መለኪያ ክፍል በር ላይ ወረፋ ይያዝ። እዚያ ሦስት ሰው ከተቀመጠ ሁለቱ ይተራረባሉ፣ ሦስተኛው ይፈርዳል።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ጉበት ከመድረቁ የተነሳ ማሽኑ ሲነካው ‹ማነው?› ይላል» ብሎ ጀመረ ቃሚው።

«ያንተ ደግሞ ከመመርቀኑ የተነሳ ማሽኑን ቁጭ አርጎ ወሬ ይጀምርለታል» አሉ ጠጪው ጋሼ።

በመሀላቸው የተቀመጡት እትዬ፣ ጠላ እንኳ በከንፈራቸው ያልዞረ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እግዜር ይይላችሁ። እኔ ከእናንተ ጋር የተቀመጥኩት ወንበር ጠፍቶ ነው።»

ሲስተር ብቅ አለች። «ምግብ የበላ አለ?»

«ትንሽ ዱለት ቀምሻለሁ» አለ ቃሚው።

«ጉበት ልታስለካ ጉበት በልተህ መጣህ? የትኛውን ልለካልህ?»

ሳቁ ሲበርድ ምክንያቱን ነገረችው። ሰው ሲበላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ ጉበቱም ካለበት በላይ የደነደነ መስሎ ይለካል። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ጾሞ መምጣት አለበት።

«ሦስት ሰዓት ለሱ ምኑ ነው!» አሉ ጋሼ። «ከቀትር በኋላ እህል ቀምሶ አያውቅ።»

«እሱም ቢሆን ነጻ አይደለም» አለች ሲስተር። «በሐረር ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጽሑፍ ጫት አብዝቶ መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል።»

«ቅጠሉም ተከሰሰ?»

«ተከሷል፣ ግን አንተ እንደ ምስክር ትቀርባለህ። አሁን ውጣና ጹም።»

ማሽኑ ፋይብሮስካን ይባላል፤ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፣ በሕክምና ላይ የዋለውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሥራው አቮካዶ ገበያ ላይ ጫን አድርጎ እንደመሞከር ነው፣ ልዩነቱ ጣቱ ንዝረት መሆኑ ብቻ። በጎድን አጥንቶች መካከል መታ ያደርጋል፤ ንዝረቱ ወደ ጉበት ሲገባ አልትራሳውንዱ ከኋላው ተከትሎ ፍጥነቱን ይይዛል። ለስላሳ ጉበት ውስጥ ንዝረት ያዘግማል፣ ጠባሳ በበዛበት ውስጥ ይሮጣል። ውጤቱ በኪሎፓስካል ይነገራል። ድሮ ይህን ለማወቅ መርፌ ተሰዶ ቁራጭ ይወሰድ ነበር፤ ያቺ ቁራጭ የጉበቱ አምሳ ሺኛ ገደማ ናት። ማሽኑ የሚያየው ስፍራ የሷን መቶ እጥፍ ያህላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ትንፋሽህን አሽትቶ ገምግሞህ አያውቅም፣ ከጎረቤት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ ገቡ። «በጀርባዎ ይተኙ፣ ቀኝ እጅዎን ወደ ራስዎ በላይ ያንሱ።»

«ተማረክሁ!»

ጄሉ ተቀባ፣ ማሽኑ መታ አደረገ። ደገመ። ሠለሰ። «ምነው ልጄ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ እንዴ?»

«አሥር ጊዜ ሳላንኳኳ አላምንም። እርስዎስ አንዴ ሲናገሩ ያመነዎት ማን አለ?»

5.8 ወጣ። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው ብቅ አሉ። «ዕድሜ ለጠጅ!»

«አልደነደነም አልኩ እንጂ ጠጁን አመሰገነ አልኩ?» ሲስተር ከኋላቸው ደረሰች። ማሽኑ የጉበቱን ስብም ይለካል፤ የጋሼ ስብ ከሚገባው በላይ ነው።

«ጥብሱን እዚያው አስቀምጠውታል ማለት ነው!» ቃሚው ከደጅ ሆኖ ጮኸ። ጾም አፍ አይዘጋም።

እትዬ ገብተው ወጡ። 13.2።

ኮሪደሩ ዝም አለ። ጋሼ ግን ዝም ማለት አይችሉም፦ «ለካ በድብቅ ነበር!»

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ማሽኑ ጉበት ምን ያህል እንደደነደነ ይናገራል፣ ማን እንዳደነደነው አይናገርም። የደነደነውን ሁሉ ለአረቄ የምንሰጠው እኛ ነን። እትዬ ደማቸው ውስጥ የተገኘው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ይህ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ፣ ወይም በሕፃንነት ይተላለፋል፣ ሳያሳምምም አሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ልኬቱ ከ7 ካለፈ መድኃኒት ይጀምር ይላል፤ ከ12.5 ካለፈ ሲሮሲስ ያስጠረጥራል። ማሽኑ በሌለበት የጠባሳው ደረጃ በደም ምርመራ ከሚገኝ የኢንዛይምና የፕሌትሌት ቁጥር ይሰላል። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፋይብሮስካን አገልግሏል፤ ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ ሰው ወሬው አርጅቶበታል።

ቁጥሩን ይዞ ከማሽኑ በቀጥታ ወደ ለቅሶ የሚሄደው ሰው ደግሞ ሌላው ናላዬን የሚያዞረኝ ነው። ጉበት በቫይረሱ ተቆጥቶ ኢንዛይሙ በጣም በወጣበት ወቅት ልኬቱ ያለ ልክ ይጨምራል፣ ልብ ደክሞ ደም ሲከማችም እንዲሁ። ሆድ ውኃ ከቋጠረ ይህ ማሽን ጨርሶ አይለካም። ለዚህ ነው ሲስተር ወረቀቱን ለእትዬ ሰጥታ «ከደም ምርመራዎ ጋር ሐኪሙ አይቶ ይናገራል» ያለችው።

«ሐኪሙ ምን ይላል! የሌሊት ወፍ ሸንታባቸው ነው፣ የወፍ በሽታ!» አሉ ጋሼ።

እትዬ ዞር አሉ። «የሌሊት ወፏ ቤቷ የምትገባው ከእርስዎ ጋር በአንድ ሰዓት ነው። ብትሸና ኖሮ እርስዎ ላይ ነበር።»

ቃሚው ከሳቁ የተነሳ ወንበሩን ያዘ። ሲስተርም ሳቋን ውጣ ለእትዬ ነገረቻቸው፦ ቫይረሱን የሚያፍን በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ ልጆቻቸውም ደማቸው ይታይ፣ ያልያዛቸው ይከተቡ።

«እኔንስ አትከትቡኝም?» አሉ ጋሼ።

«መጀመሪያ ይመርመሩ። ነጻ ከሆኑ ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው።»

«ሦስት ብቻ?»

«ሦስት ብቻ» አሉ እትዬ፤ «እንደ ብርሌው ‹ድገመኝ› የለውም።»