እስፓ በሳፋ
«ለብ ባለ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይጣሉት» ይላል በርካሽ የተገዛው የገላ መታጠቢያ ኳስ ማሸጊያ። ገንዳ! አዲስ አበባ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የመጣ ለታም በርሜሉና ጀሪካኖቹ ይቀድማሉ። ስለዚህ ገዢዋ እመቤት ኳሱን የልብስ ሳፋ ውስጥ ጥላ እግሯን ነከረች። በኳሱ ውስጥ ያሉት ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ ውሃ ሲያገኛቸው ጋዝ ይለቃሉና፣ ሳፋው እንደ አምቦ ውሃ ተፍለቀለቀ። ክብር ለተረከዝ! ቀጥሎ ጥፍር ቀለም፦ ቀይ፣ ያውም የሚያብለጨልጭ። ጣቶቿን ዘርግታ እፍ እፍ ስትል ግቢው በሙሉ «ውሃ መጣ!» አለ። የአውራ ጣቷ ቀለም የጀሪካኑ እጀታ ላይ ቀረ። የተረፈውን ማታ ሽንኩርቱ ይጨርሰዋል። እህቶቼ፣ ቀለሙን በአሴቶን ስታስለቅቁ ግን ከቡናው ከሰል ራቅ በሉ፤ አሴቶን ቶሎ ይቀጣጠላል።