ሽቦ ድሮ ቀረ

እናንተ የዕድሜ አቻዎቼ፣ ዘመን ጥሏችሁ የሄደ ሁሉ፣ እስቲ ጠጋ በሉልኝ። ዛሬ አብረን ካልተማረርን መቼ ልንማረር ነው? በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዱ ሳሎን አንዱ መኝታ ቤት የተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች መነጋገር አቅቷቸዋል። የልጄን የሠርግ ቪዲዮና የቤተሰቡን ፎቶ፣ ተደምሮ 40 ጊጋባይት የሚሆን፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አሻግርልኝ ብለው በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት እየቆነጠረ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል አለኝ። ከሳሎን መኝታ ቤት! እኔ በዚህ ጉልበቴ፣ በምርኩዝ፣ ስንቴ በተመላለስኩ።

ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ ሽቦ 477 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ቆላ ደጋውን አቋርጦ ድምፅ ያደርስ ነበር። የዛሬው ተአምር አንድ የብሎኬት ግድግዳ ያስጨንቀዋል። ደብዳቤስ ቢሆን? ከጎንደር ወር ፈጅቶ ሲመጣ ማን ዘገየ አለ? እንዲያውም እስኪደርስ የታመመው ይድናል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ብድር የጠየቀውም ከሌላ ተበድሮ ይገላገላል። እንዴት ያለ የበሰለ አሠራር ነበር!

የልጅ ልጄ መጥታ ምርመራ ጀመረች። «የኢንተርኔቱን ፓኬጅ አሳድጊው» አልኳት። «አባባ፣ ቪዲዮው ከቤት አይወጣም እኮ። ፓኬጁ ቢያድግም እዚህ ምንም አያግዝዎትም» አለችኝ። ድሮ ገንዘብ ያለው ሰው ይከበር ነበር፤ ዛሬ ከፍዬ እንኳ መፍጠን ተከለከልኩ።

ታዲያ ምን ያዘገየዋል? አየሩ አንድ ነው አሉ። ልክ እንደ እድር ስብሰባ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ገመድ አልባ ከሆኑ ያው ፋይል በዚያው አየር ሁለት ጊዜ ይጓዛል፤ አንዴ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከራውተሩ። ፍጥነቱም ግማሽ ይሆናል። የራውተሩ ካርቶን ላይ 300 ተብሎ በጉልህ የተጻፈውም በሜጋቢት ነው፤ ባይቱን ለማግኘት ለስምንት ይካፈላል፤ ያም ቢሆን በተግባር አይገኝም። ድሮ ነጋዴ እንዲህ ቢያደርግ ዳኛ ፊት ይቆም ነበር።

ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚሉት ሞገድ ግድግዳ ያልፋል፣ ግን ያዘግማል፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚሉት ይሮጣል፣ ግን ግድግዳ ሲያይ ይዝላል። ሁለቱን አሟልቶ የሚሠራ ጠፋ! በ2.4ቱ ላይ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሄዱት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ የኮንዶሚኒየማችን ሰው ደግሞ ከላይ ከታች፣ ከግራ ከቀኝ፣ ተጠራርቶ 6 ላይ ሰፍሯል። ድሮ ጎረቤት ቡና ጠጡ ብሎ ይጣራ ነበር፤ የዛሬው አየሬን ይሻማኛል። ደጄን የሚያንኳኳ እንኳ ጠፋ። ቢያንኳኩም አልከፍትላቸው።

ማይክሮዌቩም ተከሰሰ። እሱም እዚያው 2.4 አካባቢ ነው የሚሠራው፤ ሽሮዬን ሳሞቅ መስመሩን ይረብሻል አለችኝ። ሰው ወጡን ለማሞቅ ኮምፒውተር ያስፈቅድ? እናቴ በከሰል ስታሞቅ ማን ተረበሸ? የከሰል ወጥ ጣዕሙም ልዩ ነበር። አሁን ግን ማይክሮዌቭ እያለ ማን በከሰል ይደክማል?

ራውተሩን በክብር ቡፌው ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጋር፣ መስታወቱን አስደግፌ ዳንቴል አልብሼው ነበር። «መስታወቱ ሞገዱን ይመልሰዋል፣ ልብሱም ያሞቀዋል» ብላ አውጥታ፣ መሃል ቤት ከፍ አድርጋ ራቁቱን ሰቀለችው። እንግዳ ቢመጣስ?

ልታጽናናኝ ብላ «አባባ፣ የዚህ ገመድ አልባ ነገር ደንብ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እኮ ፍጥነቱ ቢበዛ 2 ሜጋቢት ነበር» አለችኝ። አያችሁ? ያኔ ዕቃውም ልኩን ያውቅ ነበር።

በመጨረሻ የመኝታ ቤቱን ላፕቶፕ ራውተሩ አጠገብ አምጥታ ለካች፤ ፈጠነ። «ግድግዳውና ርቀቱ ነው፤ እዚሁ ይሁን» ስትል ላፕቶፔ ከመኝታ ቤት አይነሳም አልኩ። እሷም ሁለቱንም በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ አገናኘቻቸው። ሽቦ ይሻላል ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናግሬአለሁ፤ ይኸው ሰሚ ተገኘ። ግን ምንጣፌን አቋርጦ በበሩ ሥር የሚጋደመው ለምንድን ነው? ግድግዳው ላይ እንዳይመታ፣ ቀለም ተቀብቷል!

ቪዲዮው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። አሥር ደቂቃ! አቦሉ እንኳ አልተቀዳም። የእኛ ዘመን ሥራ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ፣ ጨዋታ እየተጨዋወቱበት ነበር የሚያልቀው። ይህ ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው? ልጅቷም ሥራዬ አለቀ ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ሽቦው ነገ ይነቀልልኝ ብያለሁ። ከዚያ አየሩ ለምን እንደሚያዘግም እሷው መጥታ ትመልስልኝ።