በዋጋ የማይታማው ድሩፓል
የድረ ገጽ ይዘት ማስተዳደሪያው ድሩፓል በዋጋ አይታማም፤ ነጻ ነው። ክፍያው የሚጀምረው ባለሙያ ሲፈለግ ነው። ቤልጅየማዊው ድሪስ ቡይታርት በተማሪነቱ የጀመረው ይህ ሥርዓት አቅምም አያንሰውም፤ የኋይት ሀውስ ድረ ገጽ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ገብቶበት ነበር (በ2017 ሹልክ ብሎ ወደ ተፎካካሪው ዎርድፕረስ ሄደ እንጂ)። ማን ይጻፍ፣ ማን ያርም፣ ማን ይሰርዝ የሚለውን ፈቃድ እንደ ቀበሌ ቅጽ በዝርዝር ያስሞላሃል። በሰባተኛው ዕትም አንዲት ቃል በአዝራር ላድምቅ ያለ ጸሐፊ ግን መጀመሪያ ሞጁል (ተጨማሪ ቅጥያ) ያስጭን ነበር፤ ሞጁሉም ለብቻው የሚወርድ ሌላ ኮድ ያምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የድሩፓል የደኅንነት ቡድን አላድበሰበሰም፤ ማስታወቂያው በወጣ በ7 ሰዓታት ውስጥ ያልደፈናችሁ፣ ተጠልፈናል ብላችሁ ቁጠሩ አለ። ከሰባተኛው ወደ ስምንተኛው ዕትም መሻገር የፈለገም መንገድ አልጠፋበትም፤ ድረ ገጹን እንደ አዲስ መሥራት ብቻ ነበር።