የድል ማግሥት በዓል ሰነዶችን ከሕዝብ ዓይን ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በለንደንም ሆነ በሊድስ፣ በማንቸስተርም ሆነ በበርሚንግሃም ያለህ ሁሉ ስማ! ስማ ተባልህ እንጂ ጠይቅ አልተባልህም።

የእንግሊዝ የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ዋንጫ ካነሳ በማግሥቱ ሥራ ይዘጋ የሚል ጥያቄ ቡድኑ ለፍጻሜ በቀረበ ቁጥር የሚነሣ በመሆኑ፤

በ2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን፣ በ2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ስለዚሁ በዓል ተጠይቀው፣ ሁለቱም ሟርት እንዳይሆንባቸው ሰግተው ቁርጡን ሳይናገሩ ቢያልፉትም፣ ቡድኑ አንዴ በጣሊያን በመለያ ምት፣ አንዴ በስፔን 2 ለ 1 የተረታ በመሆኑ፤ ዝምታው ለኳሱ ባይበጅም ለመዝገብ ቤቱ እንደሚበጅ ስለታመነበት፤

«ታዲያ በየቢሮው ምን ተጻጽፋችሁ ነበር?» የሚሉ ነገር ፈላጊዎች የ2000ውን የመረጃ ነጻነት ሕግ ይዘው በር ማንኳኳት ስለሚቀናቸው፤

ሕጉን ያወጣው መንግሥት መሪ ቶኒ ብሌር በ2010 ባሳተመው ማስታወሻው ስለዚሁ ሥራው ራሱን ጅል ብሎ የሰደበ በመሆኑ፣ የአለቃን ጸጸት ማክበርም የሹም ወግ ስለሆነ፤

እኛ የኋይትሆል፣ ማለትም የለንደን ሚኒስቴሮች፣ መዝገብ ጠባቂዎች የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

1. «ድል» ማለት የወንዶቹ ቡድን በ1966 ያገኘውና ወደፊት ያገኘዋል ተብሎ የሚጠበቀው ዋንጫ ነው። የሴቶቹ ቡድን በ2022 በዌምብሌይ ጀርመንን፣ በ2025 በባዝል ስፔንን ረትቶ ያነሳቸው ሁለት የአውሮፓ ዋንጫዎች «ደስ የሚል ዜና» ይባላሉ። ለደስ የሚል ዜና ሥራ አይዘጋም።

2. «አመልካች» ማለት ስሙንና መልስ መቀበያ አድራሻውን የጻፈ ማንኛውም ሰው ነው። ሕጉ ዜግነትም መኖሪያ አገርም ስለማይጠይቅ ፒያሳ ተቀምጦ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው እንኳ ለለንደን ሚኒስቴር ማመልከት ይችላል። ለምን እንደፈለገው የመናገር ግዴታም የለበትም። ይህ ጉድለት ወደፊት ይታረማል።

3. በዚህ አዋጅ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንቀጽ 2፦ ስለ ጊዜ

1. መልስ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰጣል። ሕጉ ቅዳሜን፣ እሑድን፣ እንዲሁም በአገሪቱ በየትኛውም ክፍል የሚውል ባንክ ሆሊደይን፣ ማለትም ሕዝባዊ በዓልን፣ ከሥራ ቀን አይቆጥርም። ስለዚህ ቤልፋስት ቅዱስ ፓትሪክን፣ ኤድንብራ ቅዱስ እንድርያስን በምታከብርበት ቀን ለንደን ያለው ማመልከቻም አብሮ ያርፋል።

2. የድል ማግሥት በዓል የታወጀ እንደሆነ ስለዚያው በዓል የቀረበ ማመልከቻ በዕለቱ ይዘጋበታል። ማመልከቻ የራሱን በዓል እንዳያከብር የሚከለክል ድንጋጌ አላገኘንም።

አንቀጽ 3፦ ስለ እምቢታ

1. ቡድኑ ገና እየተጫወተ ከሆነ ጉዳዩ በመቀረጽ ላይ ያለ ፖሊሲ ነውና በሕጉ ክፍል 35 ይከለከላል።

2. ቡድኑ ከተሸነፈ ፖሊሲው ለሚቀጥለው ውድድር መቀረጹን ይቀጥላል።

3. ቡድኑ ካሸነፈ በዓሉ በአደባባይ ይታወጃል፤ አደባባይ የወጣን ነገር መጠየቅ ሹም ማሰልቸት ነው።

4. ክፍል 35 የሕዝብ ጥቅም ይመዘን ይላል። ሚዛኑን መጀመሪያ የሚይዘው ሰነዱን የያዘው መሥሪያ ቤት ነው። ለመመዘን ተጨማሪ ጊዜ መውሰድ ስለሚፈቀድ፣ ሚዛኑ ወደ አመልካቹ ባጋደለ ቁጥር እንደገና ይመዘናል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ንጉሡ

1. ስለ ባንክ ሆሊደይ በሚደነግገው የ1971 ሕግ መሠረት ተጨማሪ ባንክ ሆሊደይ የሚታወጀው በንጉሥ አዋጅ ነው። ከንጉሡ ጋር የተደረገ መጻጻፍ ደግሞ በመረጃ ነጻነት ሕጉ ያለ ምንም ሚዛን ዝግ ነው። ስለሆነም ስለ በዓሉ ማስታወሻ የሚጽፍ ሹም ሁሉ ለግርማዊነታቸው እንዲጽፍ ይመከራል።

2. ንግሥት ኤልሳቤጥ በ2022 ባረፉ በ11ኛው ቀን አገሩ ሥራ ዘግቶ ቀብራቸው ላይ ውሏል። በዓል ከ20 የሥራ ቀናት ባነሰ ጊዜ ታስቦ፣ ታውጆ፣ ተከብሮ ሊያልቅ መቻሉ ለአመልካቾች እንዳይነገር።

አንቀጽ 5፦ ስለ ወጪ

1. ሰነድ መፈለግ በሰዓት 25 ፓውንድ ተሰልቶ ከ600 ፓውንድ፣ ማለትም ከ24 ሰዓት ሥራ የሚበልጥ ከሆነ ማዕከላዊ መንግሥት ጥያቄውን መመለስ አይገደድም።

2. በመሆኑም የበዓሉ ሰነዶች አንዱ ስፖርት፣ አንዱ ንግድ፣ አንዱ ግምጃ ቤት ሆነው ይበተኑ። መዝገቡን ፊደል አስይዞ ያደራጀ ሠራተኛ በ23ኛው ሰዓት ሰነድ ሊያገኝ ስለሚችል በዲሲፕሊን ይጠየቃል።

አንቀጽ 6፦ ፈጽሞ ስለማይነገር ጉዳይ

በባንክ ሆሊደይ ከሥራ የመቅረትም ሆነ ተጨማሪ ክፍያ የማግኘት መብት በአገሪቱ ሕግ የለም፤ ሁሉም በሥራ ውል ይወሰናል። በበዓሉ ቢሮ የሚያጸዳው፣ አረጋዊ የሚንከባከበው፣ አውቶቡስ የሚነዳው፣ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከአስመራ፣ ለሌላው ደስታ እንደወትሮው ሥራ ሊገባ ይችላል። «እሱን ያሰበ ሰው በስብሰባው ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ ከቀረበ፣ ቃለ ጉባኤው ያለ መሆኑንም ያለመሆኑንም ማረጋገጥ ክልክል ነው።

አንቀጽ 7፦ ስለ ይግባኝ

ያልረካ አመልካች መጀመሪያ እምቢ ያለውን መሥሪያ ቤት «እምቢታህን ደግመህ እይልኝ» ይለዋል፤ ቀጥሎ ወደ መረጃ ተቆጣጣሪው አካል፣ ከዚያም ወደ ትሪቡናል ይሄዳል። ደጅ ሲጠና ሌላ የዓለም ዋንጫ ከደረሰበት አንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 1 እንደ አዲስ ይሠራበታል።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በመንግሥቱ ጋዜጣ በለንደን ጋዜት ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። የወጣበትን ቀን ማወቅ የሚሻ በጽሑፍ ያመልክት።