ለክቡር አተት፣ ባሉበት

ቁጥር፦ የለውም፤ መዝገብ ቤቱ ወረቀት ጨርሷል
ጉዳዩ፦ ስለ ስምዎ

ክቡር ሆይ፤

በአገራችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእርስዎን ግን ያወጣው ኮሚቴ ነው። መጀመሪያ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» አለዎት፤ ይኸም ለሬዲዮ ረዘመ መሰለኝ፣ ከየቃሉ ራስ አንድ አንድ ፊደል ቆንጥሮ «አተት» አደረገዎት። ቁልምጫ ይመስላል። እናት ልጇን «አተትዬ፣ ና ብላ» ብላ ብትጠራ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥተው ድልድዩን ተሻግረው ሱዳን፣ ጋላባት ሲገቡ ደግሞ ሌላ መታወቂያ ያወጡ ነበር፤ «አል ኢስሃል አል ማኢ አል ሓድ»። አጣዳፊ ውሃማ ተቅማጥ ማለት ነው። ሁለቱ መንግሥታት በአል ፋሽቃ መሬት ስንት ዘመን ተጨቃጭቀው ያልተስማሙ፣ በእርስዎ ስም ላይ ግን ያለ አደራዳሪ ተስማሙ። ስለ መልካም ጉርብትናው እናመሰግናለን።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሐኪም አይደለሁም። ሰሊጥ ላርም ብዬ ከደጋ ወርጄ፣ ከሳሉጎቹ፣ ከወቅት ጠባቂ የቀን ሠራተኞቹ፣ ጋር አንድ ሁለት ክረምት ዞሬ፣ በመጨረሻ በሱዳኗ ገዳሪፍ ላይ ባልዲ ጨብጬ የቀረሁ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ሐኪሞቹ ሥራዬን «ኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር» ይሉታል። ስልጠናም ሰጥተውኛል፤ ለስላሳና ብስኩት ነበረው። እኔ ግን ክሎሪን መበጥበጥ ነው የምለው።

ክሎሪን መበጥበጥ ቀላል እንዳይመስልዎት። ዱቄቱ ዓይን ያነዳል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ልኩም አንድ አይደለም። ለእጅ መታጠቢያ በአንድ ጄሪካን ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ለወለል፣ ለአልጋና ለሽንት ቤት አራት ማንኪያ። እርስዎ ራስዎ ለሚቀመጡበት ባልዲ፣ ማለቴ ለትውከቱና ለዓይነ ምድሩ፣ እንዲሁም ለአስከሬን፣ አርባ ማንኪያ። አንድ፣ አራት፣ አርባ። ማንበብ ለማይችሉት ጓደኞቼ እንደ ዘፈን አስጠንቻቸዋለሁ። ከአራቱ ወደ አርባው እንድሻገር የሚያዝዘኝ ግን ዓይኔ ያየው አይደለም፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ስም ነው። ለዚህ ነው የምጽፍልዎት።

እርስዎ ገና በቁልምጫ ስምዎ በሚጠሩበት ዘመን የሆነ ነው። የጤና ተቋሙን ስም አልጠራም፤ ከድንበሩ በየትኛው ወገን እንደሆነም አልናገርም። ሌሊት በጭነት መኪና አንድ የቀን ሠራተኛ አመጡ። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ የእጁ ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት እንደተቆነጠጠ ይቀራል፣ ከሥሩ የሚወርደው የሩዝ እጣቢ ነው። ነርሷ አየች፣ ሐኪሙ አየ፣ ዘበኛውም አየ። ሁላችንም ማን እንደመጣ አወቅን። ሐኪሙ ብዕሩን አንሥቶ ትንሽ አሰበና «አተት» ብሎ ጻፈ።

ማግለያ ክፍል ነበረን። ቁልፍ ነበረው፣ በሩ ላይም «የኮሌራ ማግለያ» የሚል ተለጥፎበት ነበር። ታዲያ እንዴት ይግባ? ክፍሉ የኮሌራ ነው፣ ኮሌራ ደግሞ በአገሩ የለም። ልጁ አጠቃላይ ክፍል፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ ተኛ። እኔም ወደ ዕቃ ቤት ሄድኩ።

«አርባ ማንኪያ ስጠኝ» አልኩት የዕቃ ቤቱን ሰው።

«ለምን?»

«ለባልዲው።»

«ካርዱ ምን ይላል?»

«አተት።»

«አርባው ለኮሌራ ነው» አለኝና መዝገቡን አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ እንዲያ ይላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ማንኪያ የሚፈርም ሰው ነው። ባልዲውን በሳሙና ዱቄት አጠብኩት።

አራተኛው አልጋ ላይ በወባ የተኛ ሰው ነበር፣ ታናሽ ወንድሙ ያስታምመዋል። የቀን ሠራተኛው ሰው አልነበረውም። እንግዲህ ያገራችንን አስታማሚ ያውቁታል፤ ጎረቤት አልጋ ላይ ሰው ሲያቃስት ዝም ብሎ አይበላም። ታናሽየው ተነሥቶ ልጁን ደገፈው፣ ባልዲውን ደፋለት፣ አፉን ጠረገለት። ከዚያ ቧንቧው ጋ ሄደ፤ ቧንቧው እንደልማዱ ጮኸ እንጂ አልፈሰሰም። ተመልሶም በዚያው እጁ ለወንድሙ በሶ በጠበጠ። በሦስተኛው ቀን የአራተኛው አልጋ ካርድ ላይ «ወባ» የሚለው ተሰርዞ በላዩ «አተት» ተጻፈበት። የቀን ሠራተኛው ድኖ ወጣ። ለወባ የመጣው አልወጣም። አስከሬኑም በአርባው አልታጠበም፣ ስሙ አይፈቅድለትማ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት የተተረተው ለታማሚ ነበር። ያ ልጅ ምን ደበቀ?

ልደበቅ ያሉት እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እርስዎማ ግልጽ ነዎት፤ በአሥራ ሁለት ሰዓትም ይሁን በአምስት ቀን መምጣትዎን ያሳውቃሉ። የደበቁዎት ሌሎች ናቸው፣ ምክንያትም አላቸው። በድሮው የዓለም ጤና ደንብ ከወረርሽኝ ሁሉ ተመርጣችሁ ለዓለም እንድትነገሩ የታዘዘባችሁ ሦስት ነበራችሁ፤ እርስዎ፣ ቸነፈርና ቢጫ ወባ። የተነገረበት አገር ሰሊጡ ይመለሳል፣ በጉ ከመርከብ ይወርዳል፣ ሐጃጁ ይከለከላል ብሎ ይፈራ ነበር። ደንቡ በ 2005 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ያ ግዴታ ላላ፤ ፍርሃቱ ግን ማሻሻያውን ያነበበ አይመስልም። የሚገርመኝ የዛሬው ዝርያዎ ስም ራሱ ነው። ኤል ቶር የተባለው በ 1905 እ.ኤ.አ. በሲና በረሃ፣ ቶር በተባለ የሐጃጆች ኳራንቲን ጣቢያ ስለተገኘ ነው። በማግለያ ጣቢያ ስም የተሰየመን እንግዳ ማግለያ ክፍል አይገባህም ማለት ምን የሚሉት መስተንግዶ ነው?

አፄ ቴዎድሮስ እንዲህ አላደረጉም። በ 1866 እ.ኤ.አ. ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ሰፍረው ሳሉ እርስዎ ከሠራዊታቸው መሐል ሲገቡ፣ ሰፈሩን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። ምክር አይሰሙም፣ ግትር ናቸው ብሎ ታሪክ ያማቸዋል። ቢሆንም ድንኳን ነቀሉ እንጂ ስም አልቀየሩም።

የቅርቡን ዘመን ራስዎ ያስታውሱታል። በ 2016 እ.ኤ.አ. ክረምት በከሰላና በብሉ ናይል በኩል ሱዳን ገብተው ከዓመት በላይ ሲዞሩ፣ መንግሥት ራሱ የቆጠረው ሟች ከ 800 የማያንስ ሆኖ እንኳ «ውሃማ ተቅማጥ» ነበሩ። በእኛም በኢትዮጵያ በኩል እንዲሁ። ሎውረንስ ጎስቲን የተባሉ አሜሪካዊ የሕግ ፕሮፌሰር በ 2017 እ.ኤ.አ. ተነሥተው፣ በ 2006፣ በ 2009 እና በ 2011 እ.ኤ.አ. የተነሡት ወረርሽኞች ኮሌራ ሆነው ሳለ ስማቸው ተሸፍኗል ብለው በእነዚያ ዓመታት ጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩትን ዶክተር ቴድሮስ አድሓኖምን ከሰሱ። ዶክተሩ ክሱን አልተቀበሉም፤ ቦታው ሩቅ ነው፣ ላቦራቶሪ አይደርስም አሉ። እኔ በትልልቆቹ ክርክር ውስጥ የምገባበት ወንበር የለኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላቦራቶሪው እስኪደርስ ባልዲው በስንት ማንኪያ ይታጠብ?

እውነት ለመናገር አሁን ነገር ተለውጧል። በ 2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ኢትዮጵያ በአደባባይ «ኮሌራ» አለች። ሱዳንም በሴፕቴምበር 26 ቀን 2023 እዚሁ ገዳሪፍ ላይ በስምዎ ጠራችዎት፤ በማግሥቱ ዓመት ኦገስት ላይ ደገመችው። ከሴፕቴምበሩ ጥሪ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ 2015 ዓ.ም. ክረምት፣ እርስዎ ከድንበሩ ማዶ ቋራ፣ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ላይ ነበሩ፤ የሱዳኑን ጦርነት ሸሽተው በመተማ የገቡት በሰፈሩበት በኩመር መጠለያም ነበሩ። ፓስፖርት የማይጠየቅ ሰው እንዴት ደስ ይለዋል!

ስምዎ በተጠራ ሳምንት የሆነውን ብነግርዎት አያምኑኝም። ድንኳን ተተከለ። አጥር ታጠረ። መግቢያው አንድ፣ መውጫው አንድ ሆነ። መሐሉ የተበሳ አልጋ መጣ፤ ከሥሩ አንድ ባልዲ፣ ከጎኑ አንድ ባልዲ። ለአንድ ታማሚ አንድ አስታማሚ ብቻ ተባለ፣ እሱም ሲገባ እጁን ይታጠባል፣ ሲወጣም ይታጠባል። የዕቃ ቤቱ ሰው ሳልጠይቀው «አርባ ነው የምትፈልገው?» አለኝ። ታማሚዎቹ ሳይታከሙ ቢቀሩ በጽኑ ከታመሙት እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ይወስዳሉ፣ በወጉ ከታከሙ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ይላሉ ሐኪሞቹ። ልዩነቱ የጨውና የስኳር ውሃ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ባልዲ ነው። ያ ሁሉ ዕቃ መጋዘን ተቀምጦ የእርስዎን ስም ይጠብቅ ነበር።

ስም ብቻ ግን አያጥብም። ገዳሪፍን ያውቋታል፤ ውሃዋ ከሸዋክ፣ ከአትባራ ወንዝ ተጎትቶ ይመጣል፣ የማይመጣበትም ቀን ብዙ ነው። ያን ጊዜ ካሮ (የአህያ ጋሪ) ነው፤ አህያ፣ በርሜል፣ «ሞያ! ሞያ!» (ውሃ! ውሃ!) የሚል ልጅ። መመሪያው ለአንድ የኮሌራ ታማሚ በቀን 60 ሊትር፣ ለአስታማሚው 15 ሊትር ይላል። አንድ በርሜል ሦስት አልጋ አያዳርስም። በ 2024 እ.ኤ.አ. ክረምት ጦርነቱን ሸሽቶ ከሲንጃ ከተማ የመጣው ሕዝብ የገዳሪፍን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ፣ እኛ አህያ እንቆጥር ነበር። የካሮውን ልጅ ውሃውን ከየት እንደቀዳው ስጠይቀው ይስቃል። እኔም ማንኪያዬን አነሣለሁ።

ደግሞ በዚህ አካባቢ ብቻዎን የሚሠሩ አይምሰልዎ። በ 2021 እ.ኤ.አ. በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሄፓታይተስ ኢ ገብቶ ነበር፤ ያውም በውሃ፣ ያውም በእርጉዝ እናቶች ላይ የሚበረታ። ካላዛር የያዘው ደግሞ አሥራ ሰባት ቀን በመርፌ ሲወጋ ከርሞ አቅሙ የነጠፈ ሰው ነው፤ እርስዎ አጠገቡ ባይተኙ ደስ ይለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእኛ ዓይነት አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ መቶ ሰዎች አሥራ አምስቱ ይዘውት ያልመጡትን ኢንፌክሽን እዚያው ያገኛሉ። በሀብታሞቹ አገር ሰባት ነው። የእኛ ሆስፒታል ከሚያቀርበው ምግብ ይልቅ በዚህ ለጋስ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። መምጣትዎ አይቀርም፤ ክረምት ይገባል፣ ሰሊጥ ይታረማል፣ ሰው በጭነት መኪና ይወርዳል። ሲመጡ በስምዎ ይምጡ። የመጀመሪያው ታማሚ በሩን ሲገባ ብዕሩን ያነሣ ሐኪም «ትንሽ ቆይ፣ ከበላይ እስኪነገር» ብሎ ቢያመነታ፣ እባክዎ ጆሮው ሥር «እኔ ነኝ» ይበሉት። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፣ የበላይ ይፈራል፤ እርስዎ ግን የበላይ የለዎትም። እኔም በዚያች ሌሊት ዕቃ ቤት በር ላይ መዝገብ ሳነብ እንዳላድር ይርዱኝ።

ከሰላምታ ጋር ልል ነበር፤ መጨባበጥ ተከልክሏል።

ባልዲ ያዥ፣ ገዳሪፍ

ግልባጭ፦ ለዕቃ ቤቱ (አርባ ማንኪያ ከፈረመ በኋላ)፤ ለካሮ ነጂው ልጅ፤ በሶ ለሚበጠብጡ አስታማሚዎች ሁሉ