ማስነሻ ብቻ ነው የጎደለው

ሐይቅ ከተማ መብራት በጠፋ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ከቤቱ ብቅ ይላል። አንደኛው «የእኔ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» ብሎ የጎረቤቱን መስኮት ያያል፤ የጎረቤቱም መጨለሙን ሲያረጋግጥ ልቡ አርፎ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ዓለምን ሊያድን ነው የሚወጣው። በእኛ ሰፈር ይህን ሥራ የያዙት ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ ጎረቤቴ ናቸው። እኔ ጋሼ ስለምላቸው እዚህም ጋሼ ይባሉ።

የጋሼ እምነት አጭር ነው። ነዳጅ የማይጠጣ፣ ውሃ የማይጠብቅ፣ ሂሳብ የማያስከፍል፣ ራሱን በራሱ የሚያዞር ማሽን መሥራት ይቻላል፤ እስከ ዛሬ ያልታየው ባለነዳጆቹ ደብቀውት ነው። የተደበቀውን ፈልጎ ከማግኘት አዲስ መሥራት ይሻላል ብለው ማሽኑን ሠርተውታል። ሞተሩ ከሞተ ቬንትሌተር የተፈታ ነው፤ ዲናሞው ከአሮጌ መኪና፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቺንጋ ከባለቤታቸው ሲንጀር ነው የመጣው፤ ሲንጀሩ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈቷል። ባትሪው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው መልሶ ባትሪውን ይሞላል፣ የተረፈው አምፖል ያበራል። ሲናገሩት ሰው ያሳምናሉ። በተለይ «የተረፈው» ሲሉ ድምፃቸው ላይ ያለው እርግጠኝነት!

ሙከራው ቡና ላይ ሆነ። ጋሼ ባትሪውን አገናኙ፤ አምፖሉ ቦግ አለ፤ እኛም አጨበጨብን። አቦሉ ተቀድቶ ቶናው ሳይደርስ አምፖሉ እንደ ፍም ቀላ፣ ቺንጋው ሲጥ ሲጥ አለ፣ ሁሉም ነገር ቆመ። ጋሼ ጥቂት አሰቡና «ማስነሻ ብቻ ነው የጎደለው፤ ተለቅ ያለ ባትሪ ይፈልጋል» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ከረከቦቱ ቀና ሳይሉ፣ «የልጆቼ አባት፣ ባትሪው ባይገዛ ኖሮ በብሩ የስንት ወር የመብራት ካርድ ይሞላ ነበር?» ብለው ጠየቁ። መልስ ሲጠፋ አዘኑላቸው መሰል፣ «አብሽር፣ በረካው ላይ ይነሳል» አሉ። በረካው ላይም አልተነሳም።

የጋሼን ማሽን ያስቆመው ባለነዳጅ አይደለም። የማከፋፈያን ገመድ መልሶ ራሱ ማከፋፈያው ላይ የሰካ ሰው የሚያገኘውን ነው ያገኙት። ቺንጋው ሲጮህ ኃይል ይበላል፣ ሞተሩ ሲግል ኃይል ይበላል፣ አምፖሉማ ሥራው መብላት ነው፤ ከወጣው ያነሰ እንጂ የበለጠ አይመለስም። ይህ ሕግ በአውሮፓ፣ በእነሱው አቆጣጠር በ1840ዎቹ፣ በወጉ ተደንግጓል። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ደግሞ ሕጉ በወጉ ሳይጻፍ ገና በ1775 ራሱን በራሱ የሚያዞር ማሽን ይዞ የሚመጣን ሰው አላይም ብሎ በሩን ዘግቷል፤ እንግዲህ ስንት ጋሼ ቢመላለስበት ነው!

ከነዚያ ሁሉ የምወደው ኦርፊሬዎስ ነኝ የሚለውን ዮሐን ቤስለርን ነው። ይህ ጀርመናዊ በ1717 ካሰል ላይ በአንድ መስፍን ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድ ትልቅ መንኮራኩር አቆመ፤ ክፍሉ ተቆልፎና ታሽጎ ከሳምንታት በኋላ ሲከፈት መንኮራኩሩ እንደዞረ ተገኘ። ሊቃውንቱ ተደመሙ። ከዓመታት በኋላ የቤቱ ሠራተኛ ጠፍታ ሄደችና ከጎን ካለው ክፍል ሆነን የምናዞረው እኛ ነበርን ብላ መሰከረች። እስከ ዛሬ የማያምኗት አሉ። እኔ ግን በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ነው ያመንኳት፤ አገሬን አውቃለኋ! የአምባሰልን ቁልቁለት በባህር ዛፍ ጭነት ጎብጣ የምትወርደውን ልጅ ያየ ሰው ቆጣሪ የሌለው ኃይል ምን እንደሚመስል የሚያስረዳው አያሻውም። ውሃውን ማን ቀዳ? እንጨቱን ማን ለቀመ? ምጣዱ ሥር ጢሱን ማን ጠጣ? እኛ «እንጀራው ደረሰ ወይ?» ብለን የምንጠይቀው ከጎን ካለው ክፍል ሆነን ነው።

ስለዚህ የጋሼ ማሽን በተአምር ቢነሳ መጀመሪያ ምጣዱ ላይ ይሰካ ባይ ነኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል፤ ሰፈሩ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ሲሰካው ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሆን ሐይቅ ላይ የማያውቅ የለም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ስጋቴን ልዘርዝር።

የመጀመሪያው የሰበብ ድርቅ ነው። መብራት የማይጠፋባት ኢትዮጵያ ውስጥ ጽሕፈት ቤት የሄደ ባለጉዳይ ምን ተብሎ ይመለሳል? ሸሚዙ ሳይተኮስ ሥራ የገባ፣ የቤት ሥራውን ያልሠራ፣ ስልኩን ያላነሳ፣ ሊጡ የኮመጠጠባት፣ ሁሉም በአንድ ቃል ነበር የሚተዳደሩት። በእርግጥ ሰበብ የሚገባቸውስ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ነበሩ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዛሬም አለ፤ አንድ ኪሎዋት ሳይነካው ነው በብራና ላይ ያን ሁሉ ቀለም የጠጣው። እኛ ደግሞ ባትሪ ዘጋ ብለን ሰላምታ እንኳ ሳንመልስ እናድራለን። ሌላው ኪሳራ መብራት ሲመለስ ልጆቹ ከያሉበት በአንድ ድምፅ «መጣ!» የሚሉት ነው። ሙስሊም ክርስቲያን፣ ባለሱቅ ተማሪ፣ ከተማው ሁሉ በአንድ ነገር የሚስማማበት ሌላ ጊዜ ካለ ይነገረኝ። ስለ ሞንታርቦው ባልናገር እወዳለሁ። አሁን ከሰርግ ቤቱ ጩኸት አልፎ አልፎ የሚገላግለን የመብራት መጥፋት ነው።

ሁለተኛው ስጋቴ የጋሼ ዓይነት ሰው የማይወደው ሐሳብ ነው፤ ኃይል ምንጩ ላይ መቼም ተሸጦ አያውቅም። ፀሐይ ደረሰኝ አትቆርጥም፤ ዓባይም ጉባ ድረስ የሚወርደው በነፃ ነው። ታዲያ የጉባው ግድብ ከተጀመረበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 እስከተመረቀበት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከደመወዛችን ሲቆረጥ፣ ቦንድ ስንገዛ፣ 8100 ላይ መልእክት ስንልክ የከረምነው ለምኑ ነበር? ለውሃው አልነበረም። ለኮንክሪቱ፣ ለተርባይኑ፣ ለሽቦው ነው። ከ5 ሺህ ሜጋዋት በላይ የሚያመነጭ ግድብ ተመርቆም ከአገሩ ሰው ግማሽ ያህሉ ገና በጨለማ ነው የሚያመሸው፤ በኃይሉና በሰውዬው ደጃፍ መካከል ምሰሶ የሚባል ነገር አለ። የጋሼ ማሽን ሐይቅ ላይ ቢነሳም ወደ ግሸን አቀበት ሽቦ የሚስብለት፣ ሽቦው ሲበጠስ የሚወጣለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ምሳ ይበላል፤ ምሳ ነፃ ይሆናል ያለ ደግሞ የለም።

ርካሽ ኃይል ሲገኝ ቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደሆነም አይተናል። እኛ ምጣድ እያሰብን ሳለ ከሩቅ ምሥራቅ ኮንቴይነር ሙሉ ኮምፒውተር ጭነው የመጡ ቢትኮይን ቆፋሪዎች ቀደሙን። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ20 ከሚበልጡት ጋር ውል ገብቷል፤ በዶላር ስለሚከፍሉ አልፈርድበትም። ግን ነገሩን ለእትዬ ሳስረዳ የሆነውን ልናገር። «ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ እየበላ ምን ያወጣል?» አሉኝ። ቁጥር ነው አልኳቸው። «ቁጥሩስ ምን ይሆናል?» ይሸጣል አልኳቸው። ስኒውን አስቀመጡና ወደ ጋሼ ማሽን ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አዩት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሐይቁ ነው። የሚገባበት ወንዝ እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የሌለው ውሃ ነው፤ የተቀዳ የሚተካው በዝናቡ ልክ ብቻ ነው። ዳር ዳሩን ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጫት ያለው ገበሬ ሁሉ ፓምፕ ቢኖረው ይወዳል። ዛሬ ልኩን የሚያሳውቀው ናፍጣ ነው። ናፍጣው በሊትር ስለሚለካ ውሃውም ይለካል፤ ማታ ሞተሩን የሚያጠፋው ለሐይቁ አዝኖ አይደለም፣ ለኪሱ ነው። እንግዲህ ናፍጣ የማይጠጣ፣ እንቅልፍ የማያውቅ የጋሼ ማሽን ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ አንድ ይሰጥ። የሐረማያን ሰው መጠየቅ ነው። ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ፓምፖች ተደርድረው፣ ከተሞቹም ከዚያው እየጠጡ፣ ደለሉም እየገባ፣ በእኛው አቆጣጠር በ1990ዎቹ የሐይቁ ወለል ከብት ሲሰማራበት ታየ። ደግነቱ ውሃው ኋላ ላይ በከፊል ተመልሷል። ያ ሁሉ ድርቀት የመጣው ዋጋ ባለው ነዳጅ ነው፤ ዋጋ የሌለው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጋሼን ብጠይቃቸው፣ «በዚያው ማሽን ከዓባይ ስበን እንሞላዋለን» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ ማሸነፍ አይቻልም፤ ይሄኛው ማሽናቸው ግን ያለ ማስነሻ ይሠራል።

ለማንኛውም ማሽኑ ቢነሳ ቀጥሎ የሚሆነውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ኮሚቴ ይቋቋማል። ከኮሚቴ ያመለጠ ነፃ ነገር በእኛ አገር አልታየም። ሐይቆች በእኛ ይሁን ይላሉ፣ አምባሰሎች በእኛ ይሁን ይላሉ፤ በሽማግሌ ስብሰባው ውጫሌ ላይ ይሆናል። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ ነፃ ለሆነ ነገር ገንዘብ ያዥ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ወጣት ቢነሳ ከስርዓት ውጭ ነህ ተብሎ ይቀመጣል። የምዝገባ ይኖራል፣ የዘበኛ ይኖራል፣ የቺንጋ ቅባት ይኖራል። ማሽኑን በነፃ ሊረከብ የመጣ፣ ክራቫት ያሰረ የውጭ ኩባንያ ሰውም ከፊት ወንበር ተቀምጦ እየሳቀ በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ ውል ያድላል። ደንቡ አንቀጽ በአንቀጽ ይነበባል። አንቀጽ 15 ስለ ምጣድ፣ አንቀጽ 16 ስለ ሞንታርቦ። ይሄኔ ከኋላ አንድ የውጫሌ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይነሳሉ።

«ጸሐፊው፣ ሌላው ሁሉ መልካም ነው፤ እዚህ አገር ላይ ግን ከ16 በቀጥታ ወደ 18 እለፍ።»

በሙሉ ድምፅ ያልፋል። የፊት ወንበሩ ሰውዬ ብቻ ምን እንደተባለ አስተርጓሚውን ይጠይቃል።